ጉድጓዱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ውሃውን ወደ መንደር ስለሚያመጣው ቦይ እንነጋገራለን። የምንነጋገረው ግን ስለ ውሃው አይደለም። ቦዩን ስለሚቆፍሩት ሰዎች ነው።

መኸሩ ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ ገበሬ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። አንዳንዱ ከመንደሩ ሰው ጋር ሆኖ የቧንቧ ቦይ ይቆፍራል። አንዳንዱ ለመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ያወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ከተማ ይሄዳል። በከተማ የቀን ሥራ ያገኛል። ለሕንፃ መሠረት ወይም ለፍሳሽ መስመር መሬት ይቆፍራል።

ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ለዚህ ሥራ ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው አለ። የገደለው በሽታ አይደለም። ጦርም አይደለም። አፈር ነው።

አንዳንድ ወገኖቻችን፣ "እኛ ገበሬዎች ነን፤ አፈርን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የትኛው መሬት ጤፍ እንደሚያበቅል፣ የትኛው ስንዴ እንደሚሰጥ ገበሬ ያውቃል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። በእርሻ ላይ አፈር ከእግራችን በታች ነው። በቦይ ውስጥ ግን አፈር ከራሳችን በላይ ይሆናል። ከእግር በታች ያለ አፈር ያበላል። ከራስ በላይ ያለ አፈር ይገድላል።

አፈር ለምን ይናዳል?

የጭድ ክምር ሁላችንም እናውቃለን። ከብቶች ከሥር ከሥሩ እየመዘዙ ይበሉታል። ክምሩ ለጊዜው ቆሞ ይቆያል። ያየው ሰው "ምንም አልሆነም" ይላል። ከዚያ አንድ ቀን የላዩ በአንድ ጊዜ ዘጭ ይላል።

መሬትም እንዲሁ ነው። ሳይቆፈር በፊት አፈሩ ግራና ቀኝ ተደጋግፎ ይኖራል። እኛ ስንቆፍር ድጋፉን እንወስድበታለን። ግድግዳው ለአንድ ሰዓት ሊቆም ይችላል። ለሦስት ቀንም ሊቆም ይችላል። ትናንት መቆሙ ግን ዛሬም ይቆማል ማለት አይደለም። ጸሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል። ዝናብ ያርሰዋል፣ ይከብዳል። መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሳይናገር ይወርዳል።

እስቲ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ አፈር ምን ያህል ይመዝናል? ከ15 እስከ 18 ኩንታል ያህል ይመዝናል። እርጥብ ሲሆን ደግሞ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። አንድ ኩንታል እህል ስንሸከም ወገባችን ይንቀጠቀጣል። 15 ኩንታል በአንድ ጊዜ ደረታችን ላይ ቢወድቅስ?

ሰው በአፈር ሲቀበር የሚሞተው ፊቱ ስለተሸፈነ ብቻ አይደለም። ራሱ ከአፈር በላይ ቢሆንም እንኳ ሊሞት ይችላል። ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አፈር ደረቱን ከያዘው ደረቱ ከፍ ማለት ያቅተዋል። ትንፋሽ ባስወጣ ቁጥር አፈሩ እየተከተለ ይጨብጠዋል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነገሩ ያበቃል።

"የእኛ ቦይ እኮ ጥልቅ አይደለም" የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሰው ቆሞ አይቆፍርም። ጎንበስ ብሎ ነው የሚቆፍረው። ጎንበስ ሲል ደረት የሚደርስ ቦይ ራሱን ያልፈዋል።

አፈሩ ምን ዓይነት ነው?

ሁሉም አፈር አንድ አይደለም። ከመቆፈራችን በፊት እንወቀው።

ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የምንለው፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በክረምት ያብጣል። ስንጥቁ ከቦዩ ጠርዝ ጎን ለጎን ከሄደ ያ አፈር ከወዲሁ ተቆርጧል ማለት ነው። የሚጠብቀው መውደቂያውን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀይ አፈር ሲደርቅ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚህም ሰውን ያታልላል። ውሃ ሲገባበት ግን ጠባዩ ይለወጣል።

አሸዋማ አፈር ከመጀመሪያውም አይታመንም።

ከሁሉ የባሰው ግን የተሞላ አፈር ነው። ድሮ ተቆፍሮ እንደገና የተደፈነ ቦታ ማለት ነው። በከተማ ይህ ብዙ ነው። የዱሮ ቧንቧ፣ የዱሮ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ የዱሮ መሠረት ያለበት መሬት ተጣብቆ አያውቅም። ስለዚህ "እዚህ ቦታ በፊት ምን ነበር?" ብለን እንጠይቅ።

ለምርጊት የሚሆን አፈር ስናወጣም አንሳሳት። ብዙ ሰው ከሥር ከሥሩ ቦርቡሮ እንደ ዋሻ ያደርገዋል። የላዩ ሣርና ሥር ለጊዜው ይይዘዋል። ከዚያ በቆፋሪው ላይ ይወርዳል። አፈር ከላይ ወደ ታች ይወሰዳል እንጂ ከሥር አይቦረቦርም።

ደረት ሲደርስ ቁም!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህን ሁላችንም በልባችን እንያዝ።

ቦዩ ደረታችን ጋ ከደረሰ ቁፋሮውን እናቁም። ይህ 1 ሜትር ከ20 ያህል ነው። አፈሩ ልል ከሆነ፣ ውሃ ካለበት ወይም ከተሰነጠቀ ከዚያም በፊት እናቁም። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ሳናበጅ አንድ ክንድ እንኳ ወደ ታች አንወርድም። ግድግዳውን ማበጃው ሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው መንገድ ማጋደል ነው። ግድግዳውን ቀጥ አድርገን አንተወውም። ወደ ኋላ እያጋደልን እንቆርጠዋለን። ለልል አፈር ልኩ ይህ ነው፦ ለ1 ሜትር ጥልቀት 1 ሜትር ተኩል ወደ ኋላ። ጥልቀቱ 2 ሜትር ከሆነ በግራ 3 ሜትር፣ በቀኝም 3 ሜትር ይሆናል። ጠንካራ አፈር ከሆነ እንደ እርከን ደረጃ ደረጃ አድርጎ መቁረጥም ይቻላል። እርከን መሥራት ገበሬ ያውቅበታል። አሸዋማ አፈር ግን እርከን አይዝም።

ይህ ሥራ ያበዛል። አንዋሽም። የታችኛው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ2 ሜትር ቦይ እንዲህ ሲጋደል የሚወጣው አፈር 6 እጥፍ ይሆናል። ቦታም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ አለ።

ሁለተኛው መንገድ መደገፍ ነው። ጠንካራ ጣውላ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ፊት ለፊት ይቆማል። በመካከላቸው አጣና አግድም ይገባል። አጣናው እንዳይላላ በሽብልቅ ይጠብቃል። በመጀመሪያ የላይኛው አጣና ይገባል። ይህም ከላይ ተሆኖ ነው የሚሠራው። ሰው የሚወርደው ከተደገፈው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ድጋፉ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይነሳል። የመጨረሻው ከላይ ተሆኖ ይወጣል። ቀጭን እንጨት ለዚህ አይሆንም። ቦዩ ከቁመታችን የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በግምት አይሠራም። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ መምራት አለበት።

በመንደር የቧንቧ ሥራ ሦስተኛ መላም አለ። ቦዩ በአብዛኛው ከወገብ አያልፍም። አደጋው የሚመጣው መስመሩ ጉብታ ሲያጋጥመው ነው። ያን ጊዜ ቦዩ እየጠለቀ ይሄዳል። እዚያ ላይ ቆም ብሎ ቴክኒሻኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። "ጉብታውን መዞር አይቻልም ወይ?" ማለት ነው። ጥቂት ሜትር ቧንቧ መጨመር ከሰው ነፍስ አይከብድም።

ሌሎች ጥንቃቄዎች

የወጣውን አፈር ከጠርዙ ላይ አንከምር። ቢያንስ አንድ ሜትር እናርቀው። በጠርዙ ላይ የተከመረ አፈር ለግድግዳው ሸክም ነው። ድንጋይ፣ ሲሚንቶና ቧንቧም እንዲሁ ይራቅ። መኪና ወደ ጠርዙ አይጠጋ።

መሰላል ይኑር። ከቆፋሪው ከ7 ሜትር በላይ አይራቅ። ጫፉም ከጠርዙ በላይ አንድ ሜትር ያህል ብቅ ይበል። በአጣናው እየተንጠለጠሉ መውጣት ድጋፉን ያላላል።

በየማለዳው ከመግባታችን በፊት ቦዩን ከላይ ሆነን እንየው። ከዝናብ በኋላ ደግሞ እንደገና እንየው። አዲስ ስንጥቅ አለ? ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል? ከሥሩ ውሃ ያነባል? ትንንሽ ጓል ይረግፋል? ከእነዚህ አንዱን ካየን አንገባም። ከውስጥ ካለን እንወጣለን። ትንሹ ጓል የትልቁ መልእክተኛ ነው።

ማንም ሰው ብቻውን አይቆፍር። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቅ። የጠባቂው ሥራ ወሬ ማውራት አይደለም። ሥራው ግድግዳውን ማየት ነው።

ሄልሜት ጥሩ ነገር ነው። ከሚወድቅ ድንጋይ ይከላከላል። ከ15 ኩንታል አፈር ግን አያድንም። ስለዚህ "ሄልሜት አድርጌአለሁ" ብለን አንዘናጋ።

ማታ ስንለይ ቦዩን በእሾህ ወይም በእንጨት እንጠር። ልጆችና ከብቶች በጨለማ አያዩም።

"ትንሽ ነው የቀረኝ"

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወጣት ቦይ ውስጥ ይቆፍራል እንበል። አንድ ሽማግሌ ከላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ከጠርዙ አጠገብ የጣት ውፍረት ያለው ስንጥቅ አዩ።

"ልጄ፣ ውጣ!" አሉት።

"አባ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"ትንሹን ደግፈን እንጨርሰዋለን። አሁን ውጣ!"

"ይህችን ብቻ ልጨርስ..."

"ውጣ ብዬሃለሁ!"

ወጣቱ እያጉረመረመ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ወረደ። ዶማውና አካፋው ከሥር ቀሩ። ዶማ ሌላ ይገዛል።

እንዲህ ያለ ሽማግሌ በየቦዩ አፋፍ ላይ ቢኖር ኖሮ ስንት ቤት ከለቅሶ በዳነ! አንዳንድ ሰው የሚቀበረው "ትንሽ ነው የቀረኝ" ሲል ነው። የሚያስቸኩለው ነገር ብዙ ነው። ዝናብ መጣ ይባላል። ቧንቧው ደርሷል ይባላል። ካቦው ይጮሃል። "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" ይላል ያገራችን ሰው። ማሳ ላይ ላጠፋ ሰው መመለሻ አለው። ቦይ ውስጥ ግን መመለሻ የለም።

በከተማ ሥራ ላይ

በመንደር "አልገባም" ማለት ይቀላል። በከተማ ግን ይከብዳል። የቀን ሠራተኛ በየቀኑ ነው የሚቀጠረው። ልጆቹ ቤት ውስጥ እጁን ይጠብቃሉ። "ጋሼ፣ ይህ ግድግዳ ተሰንጥቋል" ቢል፣ ካቦው "ከፈራህ ሂድ፤ በር ላይ ሃምሳ ሰው ቆሟል" ሊለው ይችላል።

ይህን እኛም እናውቃለን። ችግሩ ቀላል ነው አንልም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንበል።

መጀመሪያ፣ ብቻችንን አንናገር። አንድ ሰው ሲናገር ፈሪ ይባላል። አሥር ሰው ሲናገር ካቦውም ወደ ቦዩ ዞር ብሎ ያያል። ከአንድ አገር የመጣን ሰዎች ማታ አብረን እንደምንበላ ሁሉ ጠዋት አብረን እንናገር።

ሁለተኛ፣ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። ይህ አዋጅ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ሁሉ እንዲያደርግ ያስገድደዋል። የአደጋ መከላከያ ዕቃዎችንም እንዲያቀርብ ያዘዋል። ሠራተኛውም በራሱ ሊያስወግደው የማይችል አደጋ ሲያይ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ግዴታ አለበት። እንግዲህ "ይህ ግድግዳ ተሰንጥቋል" ማለት ድፍረት አይደለም። በሕግ የታዘዘ ሥራ ነው።

በሥራ ቦታ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። "አደጋ" የሚል ጽሑፍ ካየን እንቁም። "ማለፍ ክልክል ነው" የሚል ካየን አንለፍ። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው።

አፈር ሰው ላይ ቢወርድስ?

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ እንድታነቡት እንለምናለን። የእኛ ሰው ሩኅሩኅ ነው። ወንድሙ ሲቀበር ዘሎ ይገባል። እዚያ ላይ ነው አንዱ ሞት ሁለትና ሦስት የሚሆነው። አንድ ግድግዳ የወረደበት ቦይ ሁለተኛው ግድግዳም ሊወርድበት የቀረበ ነው።

በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ወርዶ ሰዎችን ቀበረ። የአካባቢው ሰው ሊያድናቸው ሮጦ ደረሰ። ሰዉ በመቆፈር ላይ ሳለ ሁለተኛ ናዳ መጣ። ሊያድኑ የመጡትንም ቀበራቸው። በዚያ አደጋ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ የተራራ ናዳ ነበር እንጂ ቦይ አልነበረም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የወረደ አፈር እንደገና ይወርዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቆመን እንይ ማለት አይደለም።

1. ሁሉም ከጠርዙ ይራቅ። መኪናና ሞተር ይቁም። ሌላ ሰው ቦዩ ውስጥ ካለ ይውጣ።

2. አንድ ሰው እርዳታ ይጥራ። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ቁጥር 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በገጠር የጤና ጣቢያውን ስልክ አስቀድመን በወረቀት ጽፈን ቦዩ አጠገብ እንስቀል።

3. ሰውየው የት ላይ ቆሞ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ቦታውን በምልክት ያሳይ። ሁሉም ዝም ይበል። ድምፁን እናዳምጥ።

4. መጀመሪያ ግድግዳውን በጣውላና በአጣና እንደግፍ። በጠርዙ ላይ ያለውን ክምር እናርቅ። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይግቡ። ብዙ ሰው በጠርዙ ላይ አይሰብሰብ።

5. ወደ ሰውየው ስንቀርብ በዶማ አንቆፍር። ኤስካቫተርም አይጠጋ። በእጃችንና በትንሽ ዕቃ አፈሩን እናንሳ። በመጀመሪያ ፊቱንና አፉን፣ ቀጥሎ ደረቱን ነፃ እናውጣ።

6. እግሩ ወይም ወገቡ ገና እንደተያዘ በገመድ አንጎትተው። መጎተት ይጎዳዋል። አፈሩ ይነሳ እንጂ ሰውየው አይጎተት።

7. ከወጣ በኋላ ቢናገርም፣ ቢስቅም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። አፈር የተጫነው ሰውነት ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚታየው።

አንድ ሌላ ማሳሰቢያ አለን። ሰው በጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ወይም በአሮጌ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ተከትለን አንግባ። የጣለው መጥፎ አየር ሊሆን ይችላል። አየሩ አይታይም። ተከትሎ የገባውንም ይጥላል። ስለዚህ ነገር በሌላ ጊዜ ሰፋ አድርገን እንጽፋለን።

ሁለት ፊደል

"ሳይቃጠል በቅጠል" ይባል የለ? ጣውላና አጣና ቅጠላችን ነው። ከአፋፍ ላይ የሚጠብቅ ሰው ቅጠላችን ነው። ከመግባታችን በፊት ጥቂት ቆመን ማየታችን ቅጠላችን ነው።

አንድ ቃል ደግሞ አለ። "ውጣ" የሚለው ቃል። ለሴት "ውጪ" ይባላል። ለብዙ ሰው "ውጡ" ይባላል። ሁሉም ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። እንኳን አንጋፋው አንባቢ፣ ትናንት ፊደል የቆጠረውም ይጽፋቸዋል። እነዚህን ቃላት ለመናገር አንፈር። ሲነገሩንም "ትንሽ ነው የቀረኝ" ብለን አንከራከር።

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ወደ ከተማ ለሥራ ለሚሄድ ዘመድ አንብቡለት። ማንበብ የሚችል ከሆነ ወረቀቱን ስጡት። ከስንቁ ጋር ይዞት ይሂድ።

ለመወያያ

1. በመንደራችን ያለው አፈር ምን ዓይነት ነው? በበጋ ምን ይሆናል? በክረምትስ?

2. ቦይ ደረታችን ጋ ሲደርስ ምን ማድረግ አለብን?

3. የ1 ሜትር ከግማሽ ጥልቀት ያለው ቦይ በልል አፈር ውስጥ ስናጋድል በአንድ ወገን ስንት ሜትር ወደ ኋላ እንቆርጣለን? አስሉና በደብተራችሁ ጻፉ።

4. በሥራ ቦታ ላይ ስንጥቅ ብታዩ ለማን ትናገራላችሁ? እንዴት ብላችሁ ትናገራላችሁ? ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ።